የ12ኛ ክፍል ቱቶሪያል፦ ከፍለን ምን አገኘን?

የ12ኛ ክፍል ልጅ ያለው ሰው ጥር ከገባ በኋላ ከአንድ ጥያቄ አያመልጥም። «ቱቶሪያል አስገባሃት?» ይለዋል ጎረቤቱ። የሥራ ባልደረባው ይለዋል። ከክፍለ ሀገር የሚደውል ዘመዱም ሰላምታውን ሳይጨርስ ይለዋል። እኛም በ2017 ዓ.ም. ልጃችንን ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚያዘጋጅ ቱቶሪያል አስገባናት። የናቹራል ሳይንስ ተማሪ ነበረች። ቦታው መገናኛ አካባቢ ነው። ስሙን አልጽፍም። የጓደኞቼ ልጆች የተማሩባቸው ቦታዎችም ከዚህ ብዙ አይለዩም፤ አንዱን ነጥሎ ማንሳት አግባብ አይመስለኝም። ዘንድሮ ለመመዝገብ የምታስቡ ወላጆች ግን ምን እንደምትገዙ አውቃችሁ ብትከፍሉ ጥሩ ነው ብዬ ነው የምጽፈው።

ከጥሩው ልጀምር። አስተማሪዎቹ ጎበዞች ናቸው። ፊዚክስ የሚያስተምረው ወጣት ቀን ቀን የመንግሥት ትምህርት ቤት ይሠራል፤ ማታና ቅዳሜ እዚህ ይመጣል። ወላጅ ገብቶ ማዳመጥ ይፈቀዳል፤ ይሄ ራሱ ያስመሰግናቸዋል። አንድ ቅዳሜ ከክፍሉ ኋላ ቆሜ አየሁት። ሰሌዳው ላይ የቀድሞ ዓመት ጥያቄ ጻፈ። «እንዳትሠሩት!» አለ። «መጀመሪያ ምርጫዎቹን እዩ። የተጠየቅነው ፍጥነት ነው። ሲ ላይ ያለው ዩኒት የምንድን ነው?» ልጆቹ በአንድ ድምፅ «አክስለሬሽን!» አሉ። «ሰርዙት። ዲስ?» እሱም ተሰረዘ። ከቀሩት ሁለቱ አንዱ ከመነሻው ፍጥነት ያነሰ ነበር፤ መኪናው ደግሞ እየፈጠነ ነው ተብሏል። እሱም ወደቀ። መልሱ ያለ ስሌት ተገኘ።

ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ልጆቹም ይወዱታል። የቀረ ተማሪ ካለ በዚያው ምሽት ለወላጅ መልእክት ይልካሉ። ማታ ለሚወጡ ሴት ልጆች ጥበቃው እስከ ታክሲ ተራ ድረስ ይሸኛቸዋል። ይሄን የሚያደርግ ቦታ ብዙ የለም።

ክፍያው በወር 3,000 ብር ነበር፤ ሃንዳውቱ ለብቻው ይገዛል። ክፍሉ ይጨናነቃል። ቀድሞ ያልደረሰ ልጅ መስኮቱ ጋ ይቀመጣል፤ እዚያ ደግሞ የመንገዱ ጥሩምባ ነው የሚሰማው። መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ ነው።

አሁን ወደ ሃንዳውቱ። ወፍራም ጥራዝ ነው፤ የብዙ ዓመት የኢንትራንስ ጥያቄ በየምዕራፉ ተደርድሮበታል። አደራደሩ ጥሩ ነው፣ ልጁ አንድ ምዕራፍ ሲጨርስ የዚያን ምዕራፍ ጥያቄ ብቻ ይሠራል። ችግሩ ኮፒው ነው። የኮፒ ኮፒ የኮፒ ኮፒ ነው። ባዮሎጂው ላይ የኩላሊት ኔፍሮን ሥዕል አለ። ሥዕሉ ጠቁሮ ጠቁሮ የቀለም ጠብታ መስሏል። ቀስቶቹ አይታዩም፤ ፊደሎቹም ጠፍተዋል። ከሥሩ ያለው ጥያቄ «በሲ የተመለከተው ክፍል ሥራው ምንድን ነው?» ይላል። ልጄን «ሲ የቱ ነው?» አልኳት። «አይታይም አባዬ፣ መልሱ ግን ቢ ነው» አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ እንደዚያው ነው የያዘው። ሥዕሉን አላዩም፣ መልሱን ግን ያውቃሉ።

የመልስ ቁልፉ ከኋላ አለ፣ ፊደል ብቻ። ለምን ቢ እንደሆነ፣ ለምን ኤ እንዳልሆነ አንድ መስመር ማብራሪያ የለውም። ስህተትም አለበት። አስተማሪዎቹ ያውቁታል፤ «ይቺን በእስክሪብቶ ዲ በሏት» እያሉ ያስተካክላሉ። ሃንዳውቱን ለብቻው ከሌላ ሰው የገዛ ልጅ ግን ስህተቱን ይዞ ነው የሚቀረው። ሃንዳውቱን ብቻ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ አይሆንም እላለሁ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን በሁለተኛ ደረጃ የሚታይ ነው። ኮፒው ይስተካከላል፣ ክፍሉም ይሰፋል። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው።

እኔ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ባዮሎጂ እንጀራዬ ነው። ስለዚህ ልጄ ማታ ስታጠና አጠገቧ ቁጭ ማለት እወዳለሁ። አንድ ምሽት ኦስሞሲስ ላይ ነበረች፤ ውሃ በሴል ሽፋን አልፎ ጨው ወደበዛበት የሚሄድበት ነገር ማለት ነው። ጥያቄውን ታነብባለች፣ ከምርጫዎቹ ውስጥ አንዲት ቃል ትፈልጋለች፣ ታጠቁራለች። «ሃይፐርቶኒክ ካለ ሴሉ ይኮማተራል፤ ሃይፖቶኒክ ካለ ያብጣል። በቃ» አለችኝ። አንድም አልሳተችም። እናቷ ራት እያቀረበች ነበር። የቲማቲም ሰላጣው ቀደም ብሎ ጨው ተነስንሶበት ስለነበር ሳህኑ ውስጥ ውሃ አቁሯል። «ይሄ ውሃ ከየት መጣ?» አልኳት ልጄን። «ሲታጠብ በደንብ አልተጠፈፈም» አለች። ጨው ውሃውን ከቲማቲሙ ስቦ እንዳወጣው አልታያትም።

ሰነፍ ልጅ አይደለችም። ቀለሜ ነች። ኦስሞሲስን ያየችው ግን ወረቀት ላይ ብቻ ነው። በ12 ዓመት ትምህርቷ የሽንኩርት ሴል በማይክሮስኮፕ አይታ አታውቅም። ትምህርት ቤቷ ማይክሮስኮፕ አለው፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ከራት በኋላ ድንች ልጬ ቀጫጭን አድርጌ ቆረጥኩ። ግማሹን ጨው በበዛበት ውሃ፣ ግማሹን በንጹሕ ውሃ ነከርነው። ጥናቷን ጨርሳ ስትመጣ የጨው ውሃ ውስጥ የነበረው ጣቷ ላይ ይጠመዘዛል። ንጹሕ ውሃ ውስጥ የነበረው ደግሞ ስታጥፈው ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ሁለቱን በየእጇ ይዛ ቆየች። ከዚያ «ታዲያ ማዳበሪያ የበዛበት ችግኝ የሚደርቀው ለዚህ ነው?» አለችኝ።

አዎ፣ ለዚህ ነው። አፈሩ ውስጥ ያለው ጨው ሲበዛ ሥሩ ውሃ መሳብ ያቅተዋል። ማንም ሳያስተምራት ከራሷ ጭንቅላት የወጣ ጥያቄ ነው። እንደ ባለሙያም እንደ አባትም ደስ አለኝ። ሌላ ሙከራ እናድርግ ስላት ግን ሰዓቷን አየች። «ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም» አለች፣ ወደ ጥያቄዋ ተመለሰች።

ልክ ነች። አይመጣም። ቱቶሪያሉ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚሰማው ጥያቄ ይሄው ነው፤ «ቲቸር፣ ይሄ ይመጣል?» ይመጣል ከተባለ ይጻፋል። አይመጣም ከተባለ እስክሪብቶው ይቀመጣል። አስተማሪውን አልወቅስም፤ ወላጅ የከፈለው ለሚመጣው ነው። እኔም የከፈልኩት ለዚያ ነው። ልጆቹንም አልወቅስም። በአራት ምርጫ የሚጠየቅ፣ በማሽን የሚታረም ፈተና ዕድሜ ልካቸውን የሚወስን ከሆነ ሌላ ምን ያድርጉ?

ፈተናው እጅን አይጠይቅም፤ ስለዚህ ቤተ ሙከራ ይቆለፋል። የዚህን ውጤት እኔ ሥራ ቦታ አየዋለሁ። ለልምምድ የሚመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ባክቴሪያን በቀለም የምንለይበትን የግራም ስቴይን ቅደም ተከተል እንደ ውዳሴ ማርያም ይወርዱታል። ክሪስታል ቫዮሌት፣ አዮዲን፣ አልኮል፣ ሳፍራኒን። ስላይዱን ሲይዙ ግን አልኮሉን ያቆዩታል። አልኮሉ ሲቆይ ሐምራዊ ሆኖ መቅረት የነበረበት ባክቴሪያ ቀለሙ ይታጠብና ቀይ ሆኖ ይታያል። ግራም ፖዘቲቩ ኔጋቲቭ ተብሎ ይጻፋል። በዚያ ውጤት ሐኪሙ መድኃኒት ይመርጣል። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ አንድ ጊዜ ሲያበላሹ ካሳየኋቸው በኋላ አይደግሙትም። ግን እዚያ እስኪደርሱ ድረስ እጃቸውን የጠየቃቸው ሰው የለም።

እንግሊዝኛውም እንዲሁ ነው። ፈተናው ላይ ጽሑፍ መጻፍ የለም። የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮች ይሰጡና ትክክለኛውን ቅደም ተከተል ምረጥ ይባላል። የሁለት ሰዎች ንግግር ይቀርባል፤ ባዶ ቦታው ላይ የሚገባውን ምረጥ ይባላል። ቱቶሪያሉም ይሄንኑ ያስለማምዳል። አንድም ቀን አንድ አንቀጽ ጽፈው አልታረመላቸውም። ለማንም ሰው አፋቸውን ከፍተው በእንግሊዝኛ አላወሩም። ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ደግሞ ሪፖርት ጻፉ፣ ቆማችሁ አቅርቡ ይባላሉ።

ለፈተናው የሚሟገት ሰው የሚለውን አውቃለሁ፤ ግማሹን እኔም እቀበላለሁ። ሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት ወረቀት ይቅረብለት ማለት ዘመድ ለሌለው ልጅ ጥላ ነው። የትምህርት ቤት ማርክ ብቻ ቢሆን ኖሮ የአንዳንዱ ካርድ በልመናና በገንዘብ ይሞላ ነበር። ኩረጃውም እንደ ቀላል የሚታይ አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ሾልኮ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ተለቀቀ፤ ተሰረዘና ክረምት ላይ በድጋሚ ተሰጠ። ከዚያ በኋላ በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት የተዘጋባቸው ጊዜያት ነበሩ። ከ2014ቱ ፈተና ጀምሮ ደግሞ ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ ስልክ ሳይዙ መፈተን ጀመሩ። ኩረጃው ቀነሰ፤ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን እስቲ ተመልከቱት፤ አንድ ወረቀት ላይ ይሄን ሁሉ ስለጫንን አይደል እንዲህ የምንጠብቀው?

ኩረጃው ሲቀንስ የታየውስ? በ2014ቱ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ከ845 ሺህ በላይ ልጅ ተፈትኖ ያለፈው 27 ሺህ ገደማ ነው። በዚያ ዓመት 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። 1,328 ትምህርት ቤት ሙሉ ሰነፍ ልጅ ሊኖር አይችልም። መጽሐፍ ያልደረሰበት፣ የፊዚክስ መምህር የሌለበት፣ ልጁ ረጅም መንገድ በእግሩ ሄዶ የሚማርበት ትምህርት ቤት ነው። ወረቀቱ የትምህርት ቤቱን ጉድለት ለካ። ወደቀ የተባለው ግን ልጁ ነው። ውጤቱን በስልኩ አይቶ ለእናቱ የሚነግረው እሱ ነው።

እኛ ደግሞ መገናኛ ላይ በወር 3,000 ብር ከፍለን ልጃችንን ምርጫ መሰረዝ አስተማርናት። ያ የገጠር ልጅ ከእሷ ጋር በአንድ ወረቀት ነው የሚወዳደረው። ዩኒቱን አይቶ ሁለት ምርጫ መጣል የሚነግረው ሰው የለም። ፊዚክሱን ከእሷ በላይ ቢያውቅም እሷ የምትፈጥነው ይመስለኛል። ይሄ ያሳዝነኛል፤ የተጠቀምኩት እኔ ብሆንም ያሳዝነኛል።

ሞዴል ፈተናውን ደግሞ ልንገራችሁ። ቱቶሪያሉ በየጊዜው ሞዴል ይሰጣል፣ ሰዓቱን በጥብቅ ይይዛል፣ ውጤቱን ደረጃ አውጥቶ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ሰዓት መያዙ ጠቅሟታል። ደረጃ መለጠፉን ግን አልወደድኩትም፤ ለአስተዳደሩም ነግሬያቸዋለሁ። ከታች የተጻፉት ልጆች ቀስ በቀስ መምጣት አቆሙ። ሞዴሉ ሁሉ በወረቀት ነበር፤ ክብ ማጥቆር፣ እርሳስ መቅረጽ፣ ስም መጻፍ በደንብ ተለማመዱ። መጨረሻ ላይ የልጄ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በኮምፒውተር እንደሚፈተኑ ተነገራቸው። ቱቶሪያሉ ለልምምድ የሚሆን ኮምፒውተር አልነበረውም። አንድ ወዳጄ ቢሮ ወስጃት ማውዝ ይዛ ረጅም ጥያቄ ማንበብ ተለማመደች። ዘንድሮ የምትመዘገቡ ይሄን መጀመሪያ ጠይቁ።

ልጄ አለፈች። ቱቶሪያሉ ረድቷታል፤ በተለይ ሒሳብና አፕቲትዩድ ላይ። ይሄን መካድ አይገባም።

አጠገቧ የሚቀመጥ ጓደኛዋ አላለፈም። ይሄ ልጅ ቤታችን ሲመጣ የተበላሸ ነገር ካገኘ ሳይፈታው አይወጣም። የእናቷን የፀጉር ማድረቂያ የሠራው እሱ ነው፤ ገመዱ የት ጋ እንደተቆረጠ በባትሪና በትንሽ አምፖል ፈልጎ አገኘው። ጥያቄ ሲሰጠው ግን ምርጫዎቹን አያይም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ይሠራዋል፣ ለምን እንደሆነ ካልገባው አያልፍም። ሰዓቱ ያልቅበታል። ቲቸሩ «ልጄ፣ ዝለላት!» እያለ ስንት ጊዜ ለመነው። 50 በመቶ ለመድረስ ጥቂት ነጥብ ቀረው። አሁን ነጥብ ላልሞላላቸው የሚሰጠው ማካካሻ ትምህርት፣ ሬሜዲያል፣ ገብቷል፤ ሬሜዲያል መኖሩ ደግ ነው፣ አንድ በር ከፍቷል። እኔ ግን መሣሪያ የሚጠግን ሰው ብፈልግ ከክፍሉ በሙሉ የምጠራው እሱን ነው። ነገር ሲገባው እንጂ ሲመስለው የማያልፍ ሰው ላቦራቶሪ ውስጥ ወርቅ ነው።

ውጤት ከወጣ በኋላ ላመሰግን ሄጄ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተጨዋወትን። ወጣት ነው፣ ሰውን ያከብራል። በወር አንድ ቅዳሜ ሙከራ ቢሠሩ ብዬ ሐሳብ አቀረብኩለት። ድንች፣ ጨው፣ ባትሪ፣ ኮምጣጤ፤ ወጪው ከሃንዳውቱ ኮፒ ያንሳል። እኔም በነጻ መጥቼ አግዛለሁ አልኩት። «ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት ትክክል ነው» አለኝ። «ግን አንድ ቅዳሜ ሙከራ ብሠራ ወላጅ ይደውልልኛል። ጥያቄ ለምን አልሠሩም ይለኛል።» እውነቱን ነው። እሱ የሚሸጠው እኛ የምንጠይቀውን ነው፤ እኛ የምንጠይቀው ደግሞ ፈተናው የሚጠይቀውን ነው። ፈተናው አንድ አንቀጽ ጻፍ ቢል እሱ በሚቀጥለው ሳምንት የጽሑፍ መምህር ይቀጥራል። የቤተ ሙከራ ሥራ ነጥብ ቢኖረው ያ ቁም ሳጥን በማግሥቱ ይከፈታል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የሠሩት ሥራ ትንሽም ቢሆን ድርሻ ቢኖረው ልጆቹ ጥር ላይ እንዲህ አይደነግጡም።

እንግዲህ ለመመዝገብ ለምታስቡ። ልጃችሁ 12ኛ ክፍል ከሆነና ትምህርቱን በደህና ይዞ ከመጣ፣ የመጨረሻዎቹ ወራት ላይ ግቡ፤ ይጠቅመዋል። መሠረቱ ላይ ክፍተት ካለበት ግን ቱቶሪያሉ አይሞላለትም። ክፍተቱን ዘሎ መልስ መምረጥ ነው የሚያስተምረው። ለዚህ ዓይነት ልጅ በዚያው ገንዘብ ቤት መጥቶ ለብቻው የሚያስረዳ መምህር ይሻላል። ከመክፈላችሁ በፊት ገብታችሁ አንድ ክፍለ ጊዜ አዳምጡ። ሃንዳውቱን ግለጡና ሥዕሎቹ ይታዩ እንደሆነ እዩ። ኮምፒውተር ይኖራቸው እንደሆነ ጠይቁ። ደረጃ ግድግዳ ላይ የሚለጥፉ ከሆነ የልጃችሁን ስም እንዳይለጥፉ ተናገሩ፤ እኛ ስንጠይቅ እሺ ብለውናል።

የልጄ ታናሽ ወንድም ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ገብቷል። ቱቶሪያሉ ለ9ኛ ክፍልም «ከአሁኑ ለኢንትራንስ» ብሎ ምዝገባ ጀምሯል፤ ደውለውልኛል። ለጊዜው አላስገባውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኔ ጋር ላቦራቶሪ እየመጣ ስላይድ ያያል። 12ኛ ሲደርስ ፈተናው እንዳለ ከሆነ መጋቢት ላይ ወስጄ እዚያው አስመዘግበዋለሁ፤ የፊዚክሱ ቲቸር ካልለቀቀ ደግሞ የእሱ ክፍል እንዲሆን እጠይቃለሁ።